የአንድ ሹሩባ ርቀት



ዛሬ ስለ ኤሌክትሪክ ልጽፍላችሁ ነው ብል ፈገግ ሳትሉ አትቀሩም። «የመጋቢ ሚስት ስለ ትዳርና ስለ ልጆች አስተዳደግ ትጻፍልን እንጂ ከኤሌክትሪክ ጋር ምን አገናኛት?» የምትሉም ትኖራላችሁ። እውነታችሁን ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ በተማርኩባቸው ዓመታት የግሪክ ፊደል አስቆጥረውኛል እንጂ ስለ ቮልት ያስተማረኝ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ላለፉት ሰባት ዓመታት የመጨረሻ ልጄ የምትሰማው ከራስ ቅሏ ውጭ ካለ ባትሪ ተነሥቶ፣ ያለ ምንም ሽቦ፣ ቆዳዋን አልፎ በሚገባ ኃይል ነው። ያ ኃይል እንዴት እንደሚገባና በመንገድ ላይ እንዴት እንደሚባክን ለማወቅ ተገድጃለሁ። በዚያው መንገድ በእኔና በባለቤቴ መካከል ምን ይባክን እንደነበረም አወቅሁ። ስለዚህ ስለ አንዱ ስነግራችሁ ሌላውን መተው አልችልም።

ትኩሳቱ ከወረደ በኋላ

ጊዜው ጥር 2010 ዓ.ም. ነበር። ልጃችን አምስት ዓመቷ ነበር። በአንድ ሌሊት ትኩሳቷ ነደደ፤ አስመለሳት፤ አንገቷን ማጠፍ አቃታት። ዲላ ሆስፒታል ስናደርሳት ማጅራት ገትር ነው ተባልን። ሁለት ሳምንት ያህል አልጋዋ ሥር አደርን። ጉባኤው ጾመ፣ ጸለየ። ልጄ ዳነችልኝ። እሑድ ዕለት ታቅፌአት ለምስጋና ስቆም ከአዳራሹ ያላለቀሰ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ግን አንድ ነገር ጎደለ። ከጀርባዋ ስጠራት አትዞርም። መጀመሪያ ያኮረፈች መስሎኝ ነበር። ለክትትል ወስጃት ያየን አንድ ባለሙያም «ከበሽታው ድካም ነው፤ ይመለስላታል» አለኝ። ደስ የሚለውን ማመን ይቀላልና አመንኩት፤ አንድ ወር ሙሉም አባከንኩ። አንድ ቀን ማታ ባለቤቴ የትልቁን ድስት ክዳን አንሥቶ ከኋላዋ ሲሚንቶው ላይ ለቀቀው። ድመቷ ዘላ ወጣች። ልጃችን ግን ሥዕሏን መሳሏን ቀጠለች። እኔና እርሱ ተያየን፤ አንድም ቃል አልተናገርንም።

360 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን አዲስ አበባ አስመረመርናት። ሁለቱም ጆሮዎቿ ተጎድተው ነበር። ሐኪሙ ረጋ ብሎ አስረዳን። በውስጥ ጆሮ ውስጥ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ትንሽ ክፍል አለ። ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡት ስስ ሕዋሳት የሚገኙት በዚያ ነው፤ የሞቱትም እነርሱ ናቸው። እንዲህ ያለውን ጉዳት ተራ የጆሮ ማዳመጫ አይረዳውም። ያለው አማራጭ ኮክሊያር ኢምፕላንት የሚባለውን መሣሪያ በቀዶ ሕክምና አስገብቶ ነርቩን በቀጥታ በኤሌክትሪክ መቀስቀስ ነው። ከማጅራት ገትር በኋላ ደግሞ በዚያ ጠመዝማዛ ውስጥ አጥንት ሊያድግ ይችላል። መንገዱ ከተዘጋ ሽቦውን ማስገባት አስቸጋሪ ይሆናል። «ከወሰናችሁ አትዘግዩ» አለን።

ዋጋውን ስንሰማ የባለቤቴ እጅ ጉልበቱ ላይ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

የደበቅሁት ገንዘብ

ወደ ዲላ ስንመለስ ወሬው ቀድሞን ደርሶ ነበር። አብዛኛው ሰው አብሮን አዘነ። ጥቂቶች ግን «በቤታችሁ ያልተናዘዛችሁት ነገር አለ?» ብለው ጠየቁን። «እምነት ካለ ሕንድ አገር ምን ያስኬዳል?» ያሉም ነበሩ። የመጋቢ ሚስት የሆንሽ እህቴ ይህ እንዴት እንደሚያም ታውቂያለሽ። ሌሎችን ስታጽናኚ ኖረሽ፣ ያንቺ ቀን ሲመጣ ፊትሽን የምታሳርፊበት ትከሻ ታጪያለሽ።

የሴቶች ኅብረት እህቶች ግን ዝም ብለው መዋጮ ጀመሩ። ቡና የሸጠች ከቡናዋ፣ ቆጮ የሸጠች ከቆጮዋ፣ እንቁላልና ቅቤ የሸጠችም ከዚያው አመጣች። ገንዘቡን እንድይዝ ለእኔው ሰጡኝ። በሕንድ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ከሚፈልገው ጋር ሲተያይ ትንሽ ነበር። ለእኔ ግን ተስፋዬ ሁሉ እርሱ ነበር።

ያ ዓመት በጌዴኦ ምን ዓይነት ዓመት እንደነበረ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ሚያዝያ ላይ፣ ከዚያም ሰኔ ላይ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። በገደብ፣ በኮቸሬ፣ በይርጋጨፌና በዲላ ትምህርት ቤቶች፣ ያላለቁ ሕንጻዎችና የቤተ ክርስቲያን አዳራሾች በሰው ሞሉ። የእኛም አዳራሽ ሞላ። ዝናቡ አያባራም፤ ሕፃናት በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ ይተኛሉ።

አንድ ሌሊት ባለቤቴ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ገባና ተቀመጠ። «እናቷ፣ እህቶች የሰጡሽ ገንዘብ ስንት ደረሰ? እነርሱን ጠይቀን ብርድ ልብስ እንግዛበት። የእኛ ልጅ አልጋ አላት» አለኝ። እኔም ዓይኑን እያየሁ ካለው ግማሹን ብቻ ነገርኩት። የቀረውን የእንሰት ዱቄት በማስቀምጥበት ማሰሮ ሥር ቀበርኩት።

አንባቢዬ፣ ይህን የምጽፈው ለመጸጸት ብቻ አይደለም። በዚያ ሌሊት ሁለታችንም ትክክል ነበርን፤ ሁለታችንም ተሳስተናል። እርሱ በአዳራሹ ያሉትን ሲያይ የልጃችን ጊዜ እያለቀ መሆኑን አላየም። እኔም በልጄ ጆሮ ውስጥ የሚያድገውን አጥንት ሳስብ በአዳራሹ ያለችውን እናት አላየኋትም። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ልጃችን መነጋገር አቆምን። አብረን እንበላለን፣ አብረን እናገለግላለን። በመካከላችን ግን እጅ የማይሻገረው ነገር ገባ።

የወንድሜ ልጅ ያስረዳኝ

በዚያ ሰሞን አሜሪካ የሚኖረው የወንድሜ ልጅ ደወለ። የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ ነው፤ የዶክትሬት ጥናቱም በሰውነት ውስጥ ለሚተከሉ የሕክምና መሣሪያዎች ያለ ሽቦ ኃይል የሚያደርሱ ሰርኪዩቶችን ይመለከታል። «አክስቴ፣ የመጀመሪያውን የልብ መሣሪያ ያስተከለው የአንዲት ሚስት ንዝነዛ እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በስዊድን ስቶክሆልም አርነ ላርሶን የሚባል ሰው ልቡ በየጊዜው እየቆመ ራሱን ይስት ነበር። ሚስቱ ኤልሰ ማሪ ወደ ሐኪሙ ኦከ ሴኒንግና ወደ መሐንዲሱ ሩነ ኤልምክቪስት ተመላለሰች። በሰው ውስጥ ለመትከል የተዘጋጀ መሣሪያ የለንም አሏት። እርሷ ግን አልተወቻቸውም። መሐንዲሱ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ እንደ ቅርጽ ማውጫ ተጠቅሞ መሣሪያውን ሠራ፤ ጥቅምት 8 ቀን 1958 እ.ኤ.አ. ተተከለ። የመጀመሪያው በሰዓታት ውስጥ ቆመ፤ ሌላ ተተካ። ላርሶን በሕይወት ዘመኑ ከሃያ በላይ መሣሪያዎች ተቀያይረውለት 86 ዓመት ኖረ። በ2001 እ.ኤ.አ. ሲያርፍ ሐኪሙም መሐንዲሱም ከእርሱ ቀድመው አልፈው ነበር።

የወንድሜ ልጅ ሊነግረኝ የፈለገው ዋና ነገር ግን ይህ ነበር። የዚያ የመጀመሪያ መሣሪያ ባትሪ የሚሞላው ከውጭ፣ ቆዳ ላይ በሚቀመጥ የሽቦ ጥቅል ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በፓሪስ አንድሬ ጁርኖና ሻርል ኤሪዬስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች የመስማት ነርቭን ለመቀስቀስ የሽቦ ጥቅል በአንድ ሰው ሰውነት ውስጥ ቀብረው፣ ከውጭ ሳይነኩት ኃይል ልከውበታል። በ1978 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአውስትራሊያ ሜልበርን ግሬም ክላርክ ንግግርን ለመለየት የሚያስችል ባለ ብዙ ጫፍ መሣሪያ ተከለ። የክላርክ አባት የመድኃኒት ባለሙያ ነበሩ፤ ጆሯቸው በደንብ ባለመስማቱ ሲቸገሩ እያየ ነው ያደገው።

«ግን ያለ ሽቦ እንዴት ይሆናል?» አልኩት። እርሱም ወደ ሥሩ ወሰደኝ። በ1831 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ማይክል ፋራዴይ በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት የማይነካኩ የሽቦ ጥቅሎች አደረገ። በአንደኛው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ሲለዋወጥ በሁለተኛውም ኤሌክትሪክ ተገኘ። ፋራዴይ በልጅነቱ የመጽሐፍ ጥራዥ ተለማማጅ ነበር፤ ኮሌጅ አልገባም፤ በኋላም በትንሽ ጉባኤ በሽምግልና ያገለግል ነበር። በልጄ ራስ ላይ ያለው ይኸው ነው፤ አንዱ ጥቅል ከጆሮዋ በላይ ከውጭ ይቀመጣል፣ ሌላው ከቆዳዋ ሥር ነው፣ በማግኔት ፊት ለፊት ይያያዛሉ።

«ታዲያ ለምን ባትሪውን ራሱን ውስጥ አይከቱትም?» አልኩት። የልብ መሣሪያ በጥቂት ኃይል ስለሚሠራ ባትሪው ለዓመታት ይቆያል፤ ሲያልቅም በቀዶ ሕክምና ይቀየራል። የጆሮው ግን ቀኑን ሙሉ ነርቭን ያለማቋረጥ ስለሚቀሰቅስ ብዙ ይበላል። የሕፃን ራስ በየጊዜው አይከፈትም። ስለዚህ የሚያረጀው ነገር ውጭ ይቀራል፤ ውስጥ የሚገባው ዕድሜ ልክ እንዲቆይ ታስቦ ይሠራል።

የበሩ ጠባቂ

ውስጥ የደረሰው ኃይል ወደፊትና ወደኋላ የሚወዛወዝ ነው። መሣሪያው የሚፈልገው ግን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚፈስ ነው። የወንድሜ ልጅ ልጅነቱን በይርጋጨፌ ስላሳለፈ በቡና ማጠቢያ ጣቢያ ቦይ መሰለልኝ። ውኃው ወደፊት ሲመጣ የሚከፈት፣ ሊመለስ ሲል የሚዘጋ በር ያስፈልጋል። ቀላሉ በር ዳዮድ ይባላል። ችግሩ ይህ በር ሸምበቆ አይደለም፤ ለመከፈት መገፋት ይፈልጋል። በእያንዳንዱ ማለፊያ 0.7 ቮልት ገደማ ይወስዳል። ከግድግዳችን ከሚመጣው 220 ቮልት ላይ 0.7 ቢጎድል ማን ያውቃል? ከቆዳ ሥር ከተገኘ 3 ቮልት ላይ ሲጎድል ግን ከአምስት እጁ አንዱን የሚያህል ሄደ ማለት ነው።

የባከነው ደግሞ ዝም ብሎ አይጠፋም፤ ሙቀት ይሆናል። ዓለም አቀፉ ደንብ የሚተከል መሣሪያ ገጽ ከሰውነት ሙቀት ከ2 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ ያዝዛል። ስለዚህ «ከውጭ ኃይሉን ጨምረን እንላክ» ማለት መፍትሔ አይሆንም። የውጩም ባትሪ ቶሎ ያልቃል፤ ሥጋም ይሞቃል።

እነርሱ የሚያደርጉት በዳዮዱ ቦታ ትራንዚስተር አቁመው፣ ጊዜውን እየጠበቀ የሚከፍትና የሚዘጋ ጠባቂ ሰርኪዩት መሥራት ነው። በዚህ ጊዜ በሩ የሚወስደው በጣም ያንሳል። ነገር ግን ጠባቂው በሰከንድ ብዙ ሚሊዮን ጊዜ መክፈትና መዝጋት አለበት። ትንሽ ዘግይቶ ከዘጋ የገባው ተመልሶ ይወጣል። ጠባቂው ራሱም ይበላል፤ ብዙ ከበላ ያተረፈውን ያጠፋዋል። የወንድሜ ልጅ ሌሊት ሌሊት የሚደክመው ለዚህች ለማትታይ ቅጽበት ነበር።

ሁለቱ ጥቅሎችም በካፓሲተር አማካይነት እንደ ራዲዮ ጣቢያ በአንድ ሞገድ ይስተካከላሉ። የውስጡም ዝም አይልም፤ «አነሰኝ» ወይም «በቃኝ» የሚል ምልክት ወደ ውጭ ይመልሳል፤ የውጩም በዚያ ልክ ይልካል። ይህን ሲለኝ ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። «አክስቴ፣ ተቋረጠ እንዴ?» አለኝ። አልተቋረጠም ነበር። እኔ ለባለቤቴ «አነሰኝ» ብዬው አላውቅም፤ ማሰሮ ሥር ደበቅሁ እንጂ።

ወረቀቱና ማሰሮው

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ልናገር እያልኩ አልተናገርኩም። አንድ ማታ ባለቤቴ የታጠፈ ወረቀት አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከአባቱ የተረከበውን የቡና ማሳ ለአምስት ዓመት በኮንትራት ሰጥቶ ነበር። የጌዴኦ ሰው ከሆናችሁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አላስረዳችሁም። ከእንሰቱና ከትልልቁ ዛፍ ሥር ያለውን ያን ቡና አያቱ ናቸው የተከሉት። «ለብርድ ልብሱ የአንቺን ጠየቅሁ፤ ለልጄ ግን የእኔን ሳልሰጥ» አለና ራሱን አቀረቀረ።

ተነሣሁና ማሰሮውን አመጣሁ። ዱቄቱን ገልብጬ ገንዘቡን ፊቱ አስቀመጥኩ። ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ሳቀ፤ ከዚያም አለቀስን። በሳምንቱ በሴቶች ኅብረት ፊት ቆሜ ያደረግሁትን ተናገርኩ። አንዲት እማማ፣ እርሳቸውም ተፈናቃይ ዘመዶቻቸውን በአንዲት ክፍል የሚያኖሩ፣ «ልጄ፣ ብትነግሪን ኖሮ እኛው እናካፍለው ነበር» አሉኝ። አካፈሉትም። ከፊሉ ብርድ ልብስ ሆነ፤ ከፊሉ ከቡናው ኮንትራትና ወንድሜ ከላከው ጋር ተደምሮ የሕንድ ጉዞ ሆነ። መስከረም 2011 ዓ.ም. በአንድ ጆሮዋ ተተከለላት። አጥንቱ ማደግ ጀምሮ ነበር፤ ቢሆንም ሽቦው ገባ።

ሹሩባው

መሣሪያው ከወር በኋላ ሲከፈት ልጄ «እናቴ» ብላ የምትዘል መስሎኝ ነበር። ጮኸችና ከራሷ ላይ ነቅላ ወረወረችው። ድምፁ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ነበር አለችን በኋላ። ንግግርን ለመለየት የወራት ልምምድ ጠየቀ። ከመታመሟ በፊት ቋንቋ ማወቋ ግን ረዳት።

በዚያው ዓመት ለትንሣኤ በዓል ጥብቅ ያለ ሹሩባ ሠራኋት። ከዚያ ወዲህ ሙሉ ቀን ይቆይ የነበረው ባትሪ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ ማለቅ ጀመረ። አስተማሪዋ «አታዳምጥም» ብላ ላከችብን። እኔ መብራት ሲጠፋ በደንብ ስላልሞላ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ባለቤቴ ባትሪውን ጠረጠረ። የወንድሜ ልጅ «እስቲ የራሷን ፎቶ ላኩልኝ» አለ። አየውና ሳቀ። «አክስቴ፣ ሹሩባው በጥቅሉ ሥር አልፏል!»

በሁለቱ ጥቅሎች መካከል ያለው ቆዳ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። እኔ በገዛ እጄ አንድ ሹሩባ ጨመርኩበት። ርቀቱ ሲጨምር የሚሻገረው ኃይል በፍጥነት ያንሳል፤ የውስጡም «አነሰኝ» ይላል፤ የውጩም አብዝቶ እየላከ ባትሪውን ይጨርሳል። ጠንከር ያለ ማግኔት ይኖራል፤ ሲበዛ ግን ቆዳ ያቆስላል። የእኛ መፍትሔ ቀላል ሆነ። ሹሩባውን ፈታሁና ያን ስፍራ ለቅቄ ደግሜ ሠራሁት። በማግስቱ እስከ ማታ ሰማች።

እነዚያ በቤተ ሙከራ የሚደክሙ ሰዎች ከመቶ ጥቂት እጅ ብክነት ሲቀንሱ ለእኛ በቁጥር አይደለም የሚታየን። ልጄ የከሰዓቱን ትምህርት ሰማች ወይስ አልሰማችም የሚለው ነው የሚታየን።

ለእናንተ ለወላጆች

መሣሪያው ፈውስ ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ማታ ስታወልቀው ልጄ ምንም አትሰማም። ስለዚህ ሁላችንም ምልክት ቋንቋ ተማርን። ባለቤቴ ጣቶቹ እየተወሳሰቡበት የሌሊቱን ጸሎት በእጁ ይነግራታል። መሣሪያውን ለማግኘት አቅም የሌለው ወላጅ ልጁ ተስፋ የለውም ብሎ እንዳያስብ። በሆሳዕና የመካነ ኢየሱስ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት አለ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዲግሪ ይሰጣል። መስማት የተሳነው ሰው ጎዶሎ አይደለም፤ ቋንቋ የነፈግነው እንደሆነ ግን እኛ እናጎድለዋለን።

ልጃችሁ ማጅራት ገትር ይዞት ከዳነ፣ የሚሰማ ቢመስላችሁም እንኳ ጆሮውን ቶሎ አስመርምሩ። እኔ ያባከንኩትን አንድ ወር እናንተ አታባክኑት። ክትባቱንም አታሳልፉ፤ ከበሽታው መንስኤዎች አንዳንዶቹን ይከላከላል።

ባልና ሚስት ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። በመካከላችሁ የገባው ነገር ምናልባት ትንሽ ነው፤ አንድ ሹሩባ የሚያህል። ሁለታችሁም እየደከማችሁ ከሆነና የሚደርሰው ግን ጥቂት ከሆነ፣ አብዝታችሁ ከመላካችሁ በፊት በመካከል ያለውን ተመልከቱ።

ልጄ ዛሬ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። የቡናው ኮንትራት አልቆ ማሳው ተመልሶልናል። ፀጉሯን ራሷ ትሠራለች፤ እኔን አታስነካኝም። ከጆሮዋ በላይ ያለውን ያን ስፍራ ግን ምንጊዜም ክፍት ትተወዋለች።

ጌታ ይባርካችሁ።